የአሥራ ሁለቱ ጣቢያዎች ሽሪምፕ

ልሳነወርቅ በየማለዳው፣ ፀሐይዋ በአሰብ ባሕር ላይ ሳትበረታ፣ ነጭ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ጀልባዋ ይወርዳል። ኦዴሳ አምስት ዓመት ተምሯል፤ ስለ ሽሪምፕ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ የለም፣ ይህም የገዛ ራሱ ምስክርነት ነው። የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ የላከው ሽሪምፑ የት የት እንደሚገኝና ምን ያህል እንደሆነ አጥንቶ እንዲመለስ ነበር። ጥናቱ ካማረ የመምሪያ ኃላፊነቱ ወንበር የሱ ነው፤ ካላማረ እዚያው ሐሩር ውስጥ ይከርማል። ስለዚህ ሽሪምፑ መብዛት ነበረበት።

በዛም። ባሕሩን በአሥራ ሁለት ጣቢያ ከፋፍሎ፣ በየጣቢያው ግማሽ ሰዓት መረብ እያስጎተተ፣ የወጣውን ይመዝናል። ዓሣ አጥማጆቹ "እዚህ ሽሪምፕ የለም" ያሉት የመጀመሪያው ጣቢያ ሠላሳ ኪሎ ሰጠ። ሁለተኛው አርባ። ልሳነወርቅ በሰዎቹ ስንፍና አፈረላቸው፤ አባቶቻቸው የኖሩበትን ባሕር የማያውቁ ደናቁርት መሰሉት። ስለማያምናቸውም መረቡን ውኃ ውስጥ የሚጥለው በገዛ እጁ ነበር።

የጀልባዋ አለቃ ናኩዳ ሑመድ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ አፋር ነው። በሦስተኛው ቀን መሪውን እንደያዘ ተናገረ።

"ትናንት ካንተ መረብ ጎን የኛም ሰዎች ጣሉ። ባዶውን ወጣ።"

"መጣል ስለማትችሉ ነዋ።"

"እኛ ዘንድ የሁሉ መረብ ባዶ ሆኖ ያንድ ሰው ብቻ ሲሞላ፣ ሰውየው መረቡን ለሌላ ይሰጣል። ካወጣው አንዲት አይቀምስም። ግመሎቹ ወዳሉበት ይወጣል፣ አርባ ቀን ባሕር አያይም። ባሕሩ ፈልጎታል ማለት ነው።"

"ከፈለገኝ ማመልከቻ ያስገባ!" አለ ልሳነወርቅ፤ በገዛ ቀልዱ ብቻውን ሳቀ። ምሳ ሰዓት ላይ መርከበኞቹ ደረቅ ዳቦ ሲገምጡ፣ እሱ ሁለት ሳህን ሙሉ ሽሪምፕ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ጠብሶ፣ ጣቶቹን እየላሰ ፊታቸው በላ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ድምፁን የሰማው በማግስቱ ነበር። ከጀልባዋ ሆድ ሥር፣ የጋለ ዘይት ውስጥ እንደ ገባ ጨው የሚንጣጣ፣ ቀጭን፣ ማብቂያ የሌለው ድምፅ። አልደነገጠም፤ የባሕር ፍጥረት እንዲህ እንደሚንጣጣ መጽሐፍ ላይ አንብቧል። መጽሐፉ ያልነገረው፣ እሱ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሲሄድ ድምፁም ከእግሩ ሥር እየተከተለ ወደዚያው እንደሚሄድና ቆም ሲል ቆሞ እንደሚጠብቀው ነው። የሚወጡትም ሽሪምፖች ሁሉም አንድ ልክ ነበሩ፤ ትንሽ የለ፣ እንቁላል ያዘለች የለች። እንጨቱ ወለል ላይ ሲዘረገፉ አይፈራገጡም። ብቻ በቀጫጭን ዘንግ ጫፍ የተተከሉ ጥቋቁር ዓይኖቻቸውን እያንዳንዳቸው ወደሱ ይመልሳሉ፤ ወዲያ ሲራመድ ወዲያ፣ ወዲህ ሲራመድ ወዲህ። ልሳነወርቅ ሸራ ጣለባቸውና መዝገቡ ላይ "ጤናማ" ብሎ ጻፈ።

በስምንተኛው ቀን ጥርሱን አመመውና ከባሕሩ በላይ በቋሚ እንጨቶች ላይ ከተሠራው ቢሮው ቀረ። ጀልባዋን ግን ላከ፤ አሥራ ሁለቱም ጣቢያ ላይ እንዲጎትቱ አዘዘ። ከሰዓት በኋላ ናኩዳ ሑመድ ባዶ ሣጥኖችን ተሸክሞ ገባ።

"አሥራ ሁለቱም ጋ አንድም የለም።"

"ውሸታም! የትም ተኝታችሁ ውላችሁ ነው!" ልሳነወርቅ ያበጠ ጉንጩን ይዞ ጮኸ። "ትናንት የነበረው ሁሉ የት ገባ ታዲያ?"

ሽማግሌው ወለሉን አየ። በሳንቃዎቹ ስንጥቅ መካከል የጨውና የዛገ ብረት ሽታ ይወጣ ነበር፤ ከሥሩም ያ መንጣጣት፣ ጀልባዋ ላይ ከሰማው ይልቅ ቀርቦ። ልሳነወርቅ ወደ መስኮቱ ሦስት እርምጃ ሄደ። መንጣጣቱ ከሥሩ ሄደ። ወደ በሩ ተመለሰ፤ መንጣጣቱም ተመለሰ።

በዚያች ቅጽበት ፈራ። እንደ ልጅ ፈራ፤ አልናገርም ብሎ ነው እንጂ።

"ነገ ወደ ደሴ በሚሄደው ጭነት መኪና እወጣለሁ" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ሥራዬን ስለጨረስኩ ነው።"

"ደግ ነው" አለ ሽማግሌው። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። "የበላኸውስ?"

"ይጣፍጥ ነበር!"

ናኩዳ ሑመድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐዘን አየውና ወጣ።

ከሦስት ቀን በኋላ ረፋዱ ላይ ልሳነወርቅ ደሴ፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ካቦርቱን ለብሶ ተቀምጧል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ባሕር የሚባል ነገር በስንት ቀን መንገድ ዙሪያ የለም። የጥርሱ ሕመም ተሽሎታል፣ ትዕቢቱም ተመልሶለታል። አርባ ቀን ግመል ሊያስጠብቁኝ! እያለ በልቡ ሳቀባቸው። የባዶውን ቀን ውጤት ከመዝገቡ ሰረዘ፤ አሥራ ሁለቱም ጣቢያ ሽሪምፕ የሞላበት የሚያምር ካርታም ሣለ። ከግርጌው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ፣ በሚያምር እጅ ጽሕፈቱ ጻፈ፦ "ይህ ፍጥረት ከጨው ውኃ ውጭ አይኖርም።"

ነጥቡን ሲያኖር መንጣጣቱን ሰማ።

ከወንበሩ ሥር አየ፤ ደረቅ ሲሚንቶ ነው። አስተናጋጁን ጠርቶ "ወጥ ቤት የሚጠበስ ነገር አለ?" አለው። "እሳቱ ገና አልተያያዘም፣ ጋሼ" አለ ሰውየው፤ ምንም የሰማ አይመስልም። ልሳነወርቅ እርሳሱን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ፣ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ጥርቅም አድርጎ ደፈነ፤ ያኔ ድምፁ ከገዛ ሆዱ ውስጥ ይበልጥ ጠርቶ ተሰማው።