ዳገት ላይ የቆመው ባቡር

ዳኛው በጥናት ክፍላቸው፣ ባለመንኮራኩር የቢሮ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው አንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ተከፍቷል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው፤ ጭንቅላታቸው ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። የቤቱ ሰው ሁሉ «እንደኖሩት ሞቱ፤ መጽሐፍ ላይ እንደተደፉ» ይላል። ይህን ሲል ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

መርማሪዋን መጀመሪያ የከነከናት ይኸው ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እብቁን ስለምታስቀር። በሥራ ዘመኗ ያዘነ ሰው አይታለች፣ የፈራ ሰው አይታለች፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽማ ስፍር ቁጥር የለውም። እዚህ ቤት ያየችው ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች አፍረዋል። በሬሳ ፊት የሚያፍር ቤተሰብ አጋጥሟት አያውቅም።

«አለቃ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ሳጅኑ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ከሰዓት በኋላ የመጣ እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ ጓደኛቸው ፋርማሲስቱ። ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። በጓሮ በር እየተጣደፈ ሲወጣ ደግሞ ልጃቸው አይቶታል። ሟቹን ቢያሸቷቸው አልኮል አልኮል ይላሉ። ጠጡ፣ ተጣሉ፣ መታቸው፣ ሄደ። ሰውዬውን አስመጥቼዋለሁ፤ ዛሬውኑ ልሰረው?»

«ቆይ እስቲ። በምን መታቸው?»

ሳጅኑ ዙሪያውን ቃኘ። ወለሉ በወፍራም ምንጣፍ ተሸፍኗል፤ ከመጽሐፍና ከወረቀት በቀር ጭንቅላት የሚፈነክት ነገር የለም።

«ይዞት ሄዶ ይሆናላ!»

«ይሆናል» አለችና የዳኛውን ቀኝ እጅ ቀስ ብላ አነሳች። የጣቶቹ ጫፍ ጥላሸት የነካው ይመስል ጠቁሯል። ሊያጥበው የሞከረ ሰው አለ፤ መዳፉ ነጽቷል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግን አልለቀቀም። ወደ መጽሐፉ ዞረች። ገጾቹ ላይ አንድም ጥቁር የጣት ምልክት የለም፤ ጠርዙ ላይ ግን ጥቂት የደም ጠብታዎች ወርደው ደርቀዋል። እነዚያን ጠብታዎች ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

ጎንበስ ብላ የዳኛውን ጫማ ተመለከተች። ሶሉ ላይ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል። ሣር መስሏት ስትቆነጥረው ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ሆነ። የወንበሩ መንኮራኩሮች ውስጥም ያው ሰጋቱራ ተሰግስጓል።

ወይዘሮዋን ሳሎን አገኘቻቸው። ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል። ጠበቃ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ በቅባት ወደኋላ ተለጥፎ የሚያብለጨልጭ፣ ዝንብ እንኳ ብታርፍበት የምታንሸራትት ዓይነት ሰው።

«እማማ፣ ዳኛው ይጠጡ ነበር?»

ወይዘሮዋ ከለቅሷቸው ቀና አሉ። «እሱ? በሠርጉ ቀን እንኳ አልቀመሰም! ደግሞ ይህን ማን አወራ?»

«ታዲያ የሚሸተው አልኮል ከየት መጣ?»

ወይዘሮዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ከጥናት ክፍሉ ጎን ያለው የተቆለፈ ክፍልስ?»

«ዕቃ ቤት ነው» አለ ልጁ ከእናቱ ቀድሞ። «ገዳዩን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ የእኛን አሮጌ ዕቃ ልትፈትሹ ነው?»

«ቁልፉን ስጡኝ።»

ልጁ ሕግ ሊጠቅስ አፉን ሲከፍት እናቱ ቁልፉን ከደረታቸው ሥር አውጥተው ዘረጉላት።

ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር በሞላው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሙሉ አገር ተዘርግቷል። ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ድልድይ አለ፤ የክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ ቤቶች፣ ጣቢያ ላይ ቆመው የሚጠብቁ የጥፍር ቁመት ያላቸው መንገደኞች አሉ። ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሰጋቱራ ለብሷል። ቀጭን ሐዲድ ተራራውን እየዞረ ይወጣና ከጣሪያው ሥር ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከዋሻው ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ መካከል፣ አንድ ጥቁር ባቡር ፉርጎዎቹን እንደጎተተ ቆሟል።

ሳጅኑ ሳቁ አመለጠው። «የልጆች መጫወቻ!»

ወይዘሮዋ በመሐረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ይኸው ገመናችን! ችሎት ሲገባ ሰው የሚንቀጠቀጥለት ዳኛ ቤቱ ገብቶ በርጩማ ላይ ወጥቶ ከባቡር ጋር ይነጋገራል። ለሰው ‹መጽሐፍ እየጻፈ ነው› እንላለን። እንግዳ ሲመጣ እኔ ነኝ የምቆልፍበት። ዛሬ የልጄ እጮኛ ቤተሰቦች ሊመጡ ነበር። ‹አሳያቸዋለሁ፤ በስተርጅና ከእንግዲህ አልደበቅም› ብሎ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበር።»

«ሲሞቱ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ገበያ። ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀኝ። አባቱን ጥናት ክፍል ሞቶ እንዳገኘው ነገረኝ። እንግዶቹን ከደጅ መለስናቸው። ከዚያ ‹ይህን ክፍል ፖሊስ እንዳያየው› አለኝ፤ እኔም ቆለፍኩ። አዬ! ባሌ ሞቶ እኔ ያስጨነቀኝ ሰው ምን ይላል ነው።»

ይሉኝታ የሚባል በሽታ መድኃኒት ቢኖረው ኖሮ ይህ ቤት ቀድሞ በገዛ ነበር፤ መድኃኒት ሻጩም ቅርብ ነው። ፋርማሲስቱ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ፖሊስ አጠገባቸው ቆሞ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ለምልክት የሚሆን ፀጉር የለም።

«በምን ተጣላችሁ ጋሼ?»

«ብነግርሽ ትስቂያለሽ።»

«ሥራዬ አይፈቅድልኝም።»

«በሐዲድ» አሉ አቀርቅረው። «ልጄ፣ ትንሽ ባቡር ትልቅ ጣጣ ነው። ኮረንቲው የሚመጣው በሐዲዱ ነው፤ በመንኮራኩሩ አድርጎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሐዲዱ እድፍ ከያዘ ኮረንቲው ይቆራረጣል፤ ባቡሩ ይንተባተባል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ደግሞ የምንጣፍ ብናኝ መንኮራኩሩ ላይ ይጠመጠማል። ሙቀት ሲሆን መጋጠሚያው ይላቀቃል። አንዱን ስትጠግኚ ሌላው ይጠብቅሻል። ግማሽ ቀን ወልውለሽ አንድ ዙር ከሄደልሽ ዕድለኛ ነሽ! አልኮሉን የማመጣለት ለዚህ ነው፤ በጨርቅ ነክሮ ሐዲዱን ይወለውልበታል። ጣቱን አላየሽውም? የሐዲድ እድፍ በሳሙናም አይለቅም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ዳገቱን እምቢ አለ። የገረመኝ አቋቋሙ ነው። ኮረንቲ ሲያጣ ጸጥ ይላል። ዛሬ ግን ሞተሩ እየጮኸ፣ መንኮራኩሩ ባለበት እየተሽከረከረ ወደኋላ ይንሸራተታል። ‹ምን ቀባኸው?› አልኩት። ‹ያመጣኸው አልኮል ነው የረከሰው!› አለኝ። ከቃል ቃል ተነሣና ‹በሰው ፊት ከምትዋረድ ተወው!› ብዬው ወጣሁ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያልኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እንኳን መታሰር ሌላም ቢመጣብኝ አይቆጨኝም።»

«በጓሮ በር ለምን ወጡ?»

«በየት ልውጣ? ስገባም በጓሮ ነው። ሚስቴ የምታውቀው እዚህ ዳማ እንደምንጫወት ነው።»

መርማሪዋ ፈገግታዋን ዋጠች። «ዳኛው በርጩማ ላይ ይወጡ ነበር ይባላል።»

«ዋሻው ጋ ሲቆምበት ብቻ። ቁመቱ አይደርስማ።»

«ባለመንኮራኩሩ ወንበርስ? እዚያ ክፍል ይገባል?»

«ኧረ በራፉም አይደርስ! የወደቀ ብሎን ይጨፈልቅብኛል ብሎ እንደ ጠላት ነው የሚያየው።»

ወደ ባቡሩ ክፍል ብቻዋን ተመለሰች። ነጭ መሐረቧን አወጣችና ሜዳው ላይ ያለውን ሐዲድ ፈተገችበት፤ በጥቂቱ ጠቆረ። ዳገቱ ላይ ያለውን ስትፈትግ ግን ጨርቁ ወዛ። አሸተተችው። ከጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ብረት መያዣ ሞርሳ ታስሯል፤ መላ አካሉን የብረት ብናኝ አልብሶታል፣ አንዱ ጠርዝ ብቻ ታጥቦ ያበራል። ከሥሩ ያለው ወለል ገና እርጥብ ነው። በርጩማው ጠረጴዛው ሥር ተገፍቷል፤ መቀመጫው ላይ አረንጓዴ የጫማ ዱካ አለ። መርማሪዋ ቀና ብላ በመስኮቱ ተመለከተች። ከመንገዱ ማዶ የክሊኒክ ምልክት ይታያል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮዋ ወንበር ላይ፣ ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፋርማሲስቱ ዓይናቸውን ከባቡሩ ሳይነቅሉ፣ ሳጅኑ በሩ ላይ።

«ዳኛው መጽሐፍ እያነበቡ አልሞቱም» ብላ ጀመረች። «ጣታቸው ጥቁር ነው፣ መጽሐፉ ንጹሕ ነው። ያንን መጽሐፍ የከፈተው ሌላ እጅ ነው። የአልኮሉ ሽታ ከአፋቸው ሳይሆን ሐዲድ ከሚወለውሉበት ጨርቅ ነው። የወደቁት እዚህ ነው። ባቡሩ ዳገቱ ላይ እምቢ ሲላቸው በርጩማው ላይ ወጡ፣ ዋሻው ሥር ያለውን ሐዲድ ሊወለውሉ ተንጠራሩ፣ ሚዛናቸውን ሳቱ፤ ጭንቅላታቸው ሞርሳውን አገኘው።»

«ታዲያ ማን መታቸው?» አለ ሳጅኑ።

«ማንም። ጋሼን ልቀቃቸው።»

ሳጅኑ አንገቱን ደፋ። ፋርማሲስቱ ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው ባለመንኮራኩሩን ወንበር ወደዚህ አስገባ። ዳኛው ራሳቸው ወንበሩን እዚህ አያስገቡትም፤ ሰጋቱራው ግን መንኮራኩሩ ውስጥ ነው። በወንበሩ እየገፋ ወደ ጥናት ክፍል ወሰዳቸው። መነጽር አደረገላቸው፣ መጽሐፍ ከፈተላቸው፣ እጃቸውን አጠበ፤ ሞርሳውንና ወለሉንም አጠበ። ምንጣፍ ላይ የወደቀ ሰው እንደዚህ እንደማይፈነከት ሲገባው ደግሞ ገዳይ ፈለገ። ጋሼ በጓሮ ሲወጡ አይቷቸው ነበርና ተገኙለት።»

መሐረቧን ለወይዘሮዋ አቀበለቻቸው። «ባቡሩን ያንሸራተተው ይህ ነው፤ ዳገቱ ላይ የተቀባ። ሽታውን ያውቁታል?»

«የፀጉር ቅባት ነው» አሉ ፋርማሲስቱ ከሩቅ አሽተው፤ ወዲያው እጃቸው ወደ ራሰ በራቸው ሄደ። «እኔ እንኳ…» ብለው የሌሎቹን ፊት ሲያዩ አቋረጡት።

ወይዘሮዋ አሸተቱት። ቀና ብለው የልጃቸውን ፀጉር አዩ፣ መሐረቡን አጣጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት። «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፤ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ» ይባላል። የእሳቸው ደግሞ ባስ ይላል፤ ልጅ ነው።

«ልጎዳው አልነበረም!» አለ ልጁ። የችሎት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «በደንብ የማይሄድ ባቡር ለሰው አያሳይም፤ ይህን አውቃለሁ። አንድ ፉርጎ ከተንገጫገጨ እንኳ ‹ዛሬ አይሆንም› ይላል። እምቢ ካለው ይተወዋል ብዬ ነው። አማቼ የሚሆነው ሰው እኮ አባቴን የሚያውቀው በካባው ነው! በርጩማ ላይ ቆሞ ከባቡር ጋር ሲያወራ እንዲያየው አልፈለግሁም። ትንሽ ቅባት ብቻ ነበር።»

«አምንሃለሁ» አለች። እስካሁን የቤቱን ሰው «እርስዎ» ስትል የነበረችው ሴት አንቱታውን እዚያው ላይ ጣለችው። «እሱ ክፋት ነው እንጂ ግድያ አይደለም። ከወደቁ በኋላ ያለውን ንገረኝ።»

«ሲወድቅ ሰምቼ መጣሁ። ሞቶ ነበር። እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። ያን የመሰለ ሰው መጫወቻ መካከል ሞቶ ተገኘ ከሚባል በክብሩ ይገኝ አልኩ።»

«በክብሩ!» አሉ ፋርማሲስቱ። «እኔንስ? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህን ሰውዬ፣ በማን ክብር ነው ገዳይ ያደረግኸኝ?»

ልጁ ፊቱ ቀላ። እጁን ወደ ፀጉሩ ሰደደና መንገድ ላይ መለሰው።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች መርማሪዋ። «መጽሐፉ ላይ ደም ጠብቷል። የሞተ ሰው ደም እንዲያ አያንጠባጥብም። አባትህን እዚያ ስታስቀምጣቸው ነፍሳቸው ነበረች። ከመንገዱ ማዶ ሐኪም አለ፤ ከዚህ መስኮት ይታያል። አንተ ግን ወለል ታጥብ ነበር። እውነቱን ንገረኝ፤ በሕይወት እንዳሉ ታውቅ ነበር?»

ወይዘሮዋ መሐረቡን ያዝ እንዳደረጉ ቀሩ። ልጁ ለመቀመጥ ዙሪያውን ቢያይ ያለው በርጩማው ብቻ ነበር፤ አልተቀመጠበትም።

«ወንበሩን ስገፋ ዓይኑን ገለጠ» አለ በመጨረሻ። «‹ወጣ?› አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ‹ዳገቱን ወጣ ወይ?› አለኝ፤ ጮክ ብሎ። በሩ ክፍት ነበር።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

ወደ እናቱ ማየት አልቻለም።

«‹ዝም በል አባዬ፣ ሰው ይሰማል› አልኩት።»