ከሐጂ ሳሊሕ ጓሮ የወጣ ግማት

ኢንስፔክተር ነጂባ የሐጂ ሳሊሕን የጓሮ በር ገፍታ አንድ እርምጃ እንደገባች የበላችው ቁርስ ወደ ጉሮሮዋ ተመለሰ። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ቆመች። ሐጂ ሳሊሕ በነጭ ጋቢ ተሸፍነው ሣሩ ላይ ተጋድመዋል፤ ሽታው ግን የእሳቸው አልነበረም። እሳቸው ከሞቱ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላቸውም። የሚገማው አጠገባቸው ያለው የዓሣ ኩሬ ነበር።

ስለ ግማት መጻፍ ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ዓርብ ጠዋት፣ ደሴ ከሰኞ ገበያ በላይ ባለው በዚያ ግቢ የሆነው ሁሉ ከሽታው ተለይቶ ሊነገር አይችልም። እኔ ጽፌ ከታገሥኩ አንባቢም አንብቦ ይታገሥ።

ኩሬው ለዓይን ያማረ ነው። ዙሪያው በጥርብ ድንጋይ ተከቧል፣ ዳር ዳሩን ቄጠማ ተተክሎበታል፣ መሐሉን ሰፋፊ የውሃ አበባ ቅጠል ሸፍኖታል። ከቅጠሉ በታች ግን ከሞቱ ስምንት ቀን ያለፋቸው ዓሣዎች ተቆልለዋል። ሳጅን ሀይደር በእንጨት ቢነካካው ከሥሩ ጥቁር አረፋ እየተንቦቀቦቀ ወጣ።

«ተወው ሀይደር» አለች ነጂባ። «በአላህ ተወው።»

ከኩሬው ማዶ አንድ ሰው ከዘይቶኑ ዛፍ ጋር በገመድ ታስሯል። ከራሱ እስከ እግሩ ርሷል፤ ልብሱ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ተጣብቆበታል። ግንበኛው አባይ ነው። ኩሬውን የሠራው እሱ ነው፣ ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ሲመጣ ሐጂን አቅፎ ከውሃው ሲወጣ አየውና «ገዳዩ ይኸው» ብሎ አሰረው። ይህን ሁሉ ሰዓት በደሴ ብርድ ሲንቀጠቀጥ አንዲት ደረቅ ጨርቅ ያቀበለው የለም። ነጂባን ከኩሬው ይበልጥ ይህ አስጸየፋት።

«ፍታው» አለችው ሳጅኑን።

«ኢንስፔክተር፣ ሰዉ ሁሉ እሱ ነው ይላል።»

«ሰዉ ሁሉ ካለ ያየ የለም ማለት ነው። ፍታው።»

ጊዜ አልነበራትም። ሐጂ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይቀበራሉ። ቀብሩ ሲያበቃ «ግንበኛው ገደላቸው» የሚለው ወሬ ከከተማው አልፎ ገራዶ ድረስ ይደርሳል፤ ከገጠር መጥቶ ኮምቦልቻ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ደግሞ ያን ወሬ የሚያስተባብልለት ዘመድ የለም። ዛሬ ካልዳነ አይድንም።

«በዚህ ማለዳ ምን ልትሠራ መጣህ?» ስትል ጠየቀችው።

«ሐጂ ናቸው የጠሩኝ። ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ዐሥር ቀን ቆይተው ትናንት ማታ ነው የገቡት። ነገ በጠዋት ና፣ ኩሬውን አጥበን እንደ አዲስ እንሞላዋለን አሉኝ። ስመጣ የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ… ውሃው ውስጥ በፊታቸው ተደፍተዋል። በማርያም፣ ይተነፍሱ እንደሆን ብዬ ነው የገባሁ።»

«ዓሣዎቹን የአንተ ሲሚንቶ ገደላቸው፣ በዚያ ተጣልታችኋል ይላሉ።»

አባይ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨም ቢሆን ቆጣ አለ። «ሲሚንቶው አርባ ቀን ውሃ ተኝቶበታል። ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስት ጊዜ ደፍቻለሁ፣ በኮምጣጤ አጥቤዋለሁ። ከዚያ ከሐይቅ ሁለት ዓሣ ብቻ አስመጥተን ለሙከራ ጨመርን፤ ወር ሙሉ ሲፈነጩ ከረሙ። ሠላሳው የገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ሲሚንቶ ቢሆን ሁለቱን ይምራቸው ነበር?»

«ታዲያ ሲሞቱ ለምን አልደፋኸውም?»

«ረቡዕ መጥቼ የተንሳፈፉትን ለቅሜ ቀበርኩ። ላዩ ጠራ። የሰጠሙትን ለማውጣት ግን ውሃው መደፋት አለበት፤ በፈረቃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ውሃ ያለ ሐጂ ፈቃድ እንዴት እደፋለሁ?»

ነጂባ ወደ በረንዳው ሄደች። የሐጂ ሚስት ወይዘሮ ዐሊማ እና ልጃቸው ዚክራ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ዐሊማ ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል።

«እኔ ተናግሬ ነበር ልጄ» አሉ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብያቸው ነበር። ሰው በሰባ ዓመቱ ግቢውን ይቆፍራል?»

«እትዬ ዐሊማ፣ ዓሣዎቹ ሲሞቱ ለምን አላስጸዱትም?»

«ዚክራ ሰው ትጠራለች ብዬ።»

«እኔ ደግሞ ጣሀ ያስጸዳዋል ብዬ» አለች ዚክራ መሬት መሬት እያየች።

ስምንት ቀን ሙሉ ሁለቱም መስኮት ዘግተው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ነጂባ የምትለው ነበራት፤ ግን የሟች ቤት ነውና ዋጠችው።

«ጣሀ ማነው?»

«የአባቴ የወንድም ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ባለፈው ሐሙስ መጥቶ በእሳት ሊፈጀን ነበር። ኩሽና ውስጥ ሲሊንደሩ አፍስሶ ቤቱ በጋዝ ታፍኗል፤ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ክብሪት ሊጭር! ሮጬ ከእጁ ብነጥቀው ‹ምን ሆነሻል?› ይለኛል።»

«ዛሬስ ሐጂን ያያቸው አለ?»

«ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ሰምቻለሁ» አሉ ዐሊማ። «የሚታጠቡበትን ማንቆርቆሪያ ማታ ሞልቼ እዚያ ጥግ አኑሬላቸዋለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

ማንቆርቆሪያው ከጥጉ አለ። ነጂባ አንስታ ወዘወዘችው፤ ከግማሽ በታች ነው። ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ወለል ገና እንደራሰ ነው፤ አጠገቡ የተሰቀለው ፎጣም በእጅ ሲነካ እርጥብ ነው።

ወደ ሬሳው ተመልሳ ጋቢውን ገለጠች። የሐጂ እጅጌ እስከ ክርን ተጠቅልሏል፣ ሱሪያቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተሰብስቧል፣ እግራቸው ባዶ ነው። ጫማቸው ኩሬው ዳር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ኮፊያቸው ከጫማው አጠገብ። ቁስሉ ያለው ከማጅራታቸው በላይ ነው።

«ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ አዳልጧቸው ነው፣ ምስኪን አጎቴ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

ጣሀ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ዚክራ ስትደውልለት ከኮምቦልቻ ተሳፍሮ አሁን መድረሱን ነገራት። ከዚያም የኩሬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከጋዜጣ ጥቅልል ውስጥ ሳምቡሳ አውጥቶ ይበላ ጀመር። ከእግሩ ሥር አረፋው ይፈነዳል፤ እሱ ጣቱን ይልሳል።

«የብረት ሆድ ነው ያለው» አለ ሀይደር ፊቱን እያዞረ።

ነጂባ አልሳቀችም። «ሐጂ ከውሃው ሲወጡ ረድተሃል?»

«ወላሂ፣ ስደርስ ወጥተው ነበር። እኔ ውሃውን በእጄም አልነካሁ።»

«ግንበኛውስ?»

«እሱ ካልሆነ ማን ይሆናል? በዓሣዎቹ ተቆጥተውበታል። ብቻ ቀብሩ አይዘግይብን።»

ነጂባ ኩሬውን ዞረችው። ወደ ጓሮው በር ባለው ዳር በኩል ያሉት ቅጠሎች ጠርዛቸው ነጥቷል፤ በረኪና የነካው ጨርቅ እንደሚነጣው። ሲሚንቶ ቅጠል ሲያነጣ አይታ አታውቅም። ከዚያ ወደ ሐጂ መኝታ ክፍል ገባች። ከራስጌያቸው ሁለት ወረቀት አገኘች፤ በእርሳስ በጥንቃቄ የተነደፈ የግቢው ንድፍ ነው። በመጀመሪያው ኩሬው ከዘይቶኑ ሥር ጥግ ይዟል፤ መሐሉ ላይ ያለው አራት ማዕዘን «የጣሀ ቤት» የሚል ተጽፎበታል። በሁለተኛው ኩሬው መሐል ላይ መጥቷል፤ «የጣሀ ቤት» የለም።

አባይን ስለ ወረቀቱ ጠየቀችው። «እኔ ነኝ ያዛወርኩት» አላት። «ዛፍ ሥር ቅጠል ይረግፍበትና ውሃው ይበሰብሳል። አበባውም ፀሐይ ይፈልጋል።»

አምስት ሰዓት ላይ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሐጂን ሊያጥቡ የመጡት ሰዎች ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። አባይ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ምንጣፉን እንዳያበላሽ ነው። ነጂባ ከጣሀ ጎን ተቀመጠችና ትንሽ የሽቶ ጠርሙስ አወጣች።

«ይህ የሐጂ ሽቶ መሆኑን አረጋግጡልኝ። አንተ ቅደም።»

ጣሀ ክዳኑን ከፈተ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ በረጅሙ ሳበና ዓይኑን ጨፈነ። «አዎ፣ የእሳቸው ነው። ዓርብ ዓርብ ይቀቡት የነበረው። ደስ የሚል መዓዛ ነው።»

ጠርሙሱን ለዐሊማ አቀበላቸው። እሳቸው ገና አፍንጫቸው ሳይደርስ «ያ ረቢ!» ብለው ወረወሩት። «የኩሬው ውሃ ነው!»

ዚክራ አፏን ይዛ ተነሣች። ጣሀ የፈሰሰውን ውሃ እያየ ክዳኑን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ሽቶ የጠየቅኩህ አፍንጫህ እንደማይሠራ ላረጋግጥ ነው» አለች ነጂባ። «ጋዝ በሞላው ኩሽና ክብሪት ልትጭር ነበር። እኛ ሁላችን ከምንሸሸው ኩሬ ዳር ሳምቡሳህን በላህ።»

«ከኮሮና ወዲህ ነው» አለ ጣሀ። «ማሽተት አለመቻል ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ስማ። ሐጂ ውዱእ ሲያደርጉ አዳለጣቸው አልከኝ። ማንቆርቆሪያቸው ተቀንሷል፣ ሥሩ ርሷል፣ ፎጣቸው እርጥብ ነው። በረንዳው ላይ ታጥበው ጨርሰዋል። ጨርሰውም ባይሆን፣ ሽታው በተበላሸ ውሃ ውዱእ እንደማይደረግ ቁርአን ቤት ያለ ልጅ ያውቃል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የሚታጠብ ሰው ቢወድቅ ደግሞ ግንባሩን እንጂ ማጅራቱን አይመታም። ስለዚህ እጅጌያቸውን የጠቀለለ፣ ጫማቸውን የደረደረ ሌላ ሰው ነው።»

«ግንበኛው ይሆናላ!»

«አባይ ኩሬው እንደሚገማ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በገዛ እጁ ዓሣ ለቅሞ ቀብሯል። እትዬ ዐሊማና ዚክራ ስምንት ቀን መስኮት ዘግተው ተቀምጠዋል። ከሦስቱ ማናቸውም ቢገድሉ እዚያ ውሃ ዳር የውዱእ ጫማ አይደረድሩም፤ ማንም እንደማያምናቸው ያውቃሉ። ያንን የሚያደርግ ኩሬውን በዓይኑ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ላዩ ጠርቶ፣ አንድም የሞተ ዓሣ ሳይታይህ ሲቀር ውሃው ደህና መሰለህ።»

ጣሀ ክዳኑን በጣቶቹ መሐል አዞረው።

«ዓሣዎቹም የሞቱት አንተ በመጣህበት ሐሙስ ነው። በረኪና አፍስሰህባቸዋል፤ ቅጠሉ ነጥቶ ይመሰክራል። ለምን እንደሆነም የሐጂ ንድፍ ይናገራል። ኩሬው ያረፈው ‹የጣሀ ቤት› በነበረው ቦታ ላይ ነው።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ ጣሀ። ድምፁ ግን ቀጥኗል።

«እሺ፣ ግምት ያልሆነውን ልንገርህ። ይህ ክፍል ዝግ ነው። ስንገባ ያ ግማት ከሁለት ሰው ጋር ገባ። አንዱ በር ላይ የቆመው ነው፤ ሐጂን ሊያወጣ መግባቱን ጎረቤት ሁሉ አይቷል። ሌላው የአንተ ኮት ነው። ከተቀመጥኩ ጀምሮ ከቀኝ እጅጌህ እየመጣ እያጥወለወለኝ ነው። ደርቆ ለዓይን ንጹሕ መስሏል። ሌላ ገዳይ ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ አውልቆ ይጥለው ነበር፤ አንተ ግን ለብሰኸው ለቅሶ መጣህ። ውሃውን በእጄም አልነካሁ ያልከው አንተው ነህ።»

ዚክራ ቀረብ አለች። የአጎቷን ልጅ ክንድ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ወዲያው ለቀቀችው። እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች።

ጣሀ እጅጌውን አየ። «ቦታው የእኔ ነበር» አለ። «በአባቴ ሞት ጊዜ አጎቴ ቃል ገብቶልኛል። ቤት ሠርቼ አገባለሁ ስል ለዓሣ ሰጠው። ዓሣዎቹ ካለቁ ይተወዋል ብዬ ነበር። ትናንት ማታ ደውሎ ና አለኝ፤ ደሴ አድሬ ከሱብሂ በፊት መጣሁ። በረኪናውን ያፈሰስከው አንተ ነህ አለኝ። ደግሞ ሳቅ ብሎ ዛሬ አጥቤ እንደገና እሞላዋለሁ ሲል ገፋሁት። ድንጋዩ ላይ ወደቀ።»

«ውሃው ውስጥ ስትደፋቸው ይተነፍሱ ነበር?»

«አላየሁም።»

ነጂባ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ሀይደር ጣሀን በካቴና አስሮ ሲያወጣው፣ በኩሬው በኩል ሲያልፉ ሳጅኑ ትንፋሹን ዋጠ፤ እስረኛው ግን እንደወትሮው ይተነፍስ ነበር።

ሐጂን የሚያጥቡት ሰዎች ገቡ። አባይ አሁንም በር ላይ ነው። ነፃ ነህ ብትለውም አልተንቀሳቀሰም።

«ከዛፉ ይራቅ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ውሃው እንዳይበሰብስ ብዬ።»

ወይዘሮ ዐሊማ ወደ ጓዳ ገብተው ተመለሱ። የሐጂን ሽርጥና ሹራብ ታጥፎ እንደነበረ ይዘዋል። ጠዋት ጎረቤቶቹ አባይን ሊያስሩ ገመድ ሲጠይቁ ያቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ዓይኑን ማየት አልቻሉም፤ ልብሱን ብቻ ዘረጉለት።

«ልበሰው ልጄ። ዐፉ በለኝ።»

አባይ በእርጥብ እጁ እንዳይነካው ወደ ኋላ አለ። «ያቆዩልኝ እትዬ። አሁን ብለብሰው ይገማል። መጀመሪያ ኩሬውን ልጠበው፤ ከሐጂ ጋር ለዛሬ ነው የተቀጣጠርነው።»

አንድ ባልዲ አንሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ውሃ ቀድቶ ከአጥሩ ሥር ደፋው። ዚክራ ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ ሻሿን ከአፍንጫዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና ሌላ ባልዲ ፈልጋ ከጎኑ ቆመች። ውሃው ሲነካካ ግማቱ ከጠዋቱ ባሰ፤ ሳሎኑ ድረስ ገባ። በዚያ ቀን ግን መስኮት የዘጋ የለም።