ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀጥነው ውሃ

ወዳጄ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፣ እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ በመንፈስ በምናምን አያምንም፣ ምክንያቱም ሰው «ግድግዳዬ ውስጥ የሚያቃስት ነገር አለ» ብሎ ሲጠራህ ሄደህ የምታገኘው ያለቀ ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያ፣ ወይም የላላ የቧንቧ ማጠፊያ ነው፣ እሱን ታጠብቃለህ፣ ሰይጣኑ ዝም ይላል። አቃቂና ቃሊቲ ውስጥ «እርኩስ መንፈስ ሰፍሮበታል» የተባለ ሦስት ቤት በዚህ እጄ ጸጥ አሰኝቻለሁ፣ ጉራ መሰለብኝ አይደል፣ ይምሰል፣ እውነት ነዋ። የሠራሁትን ለመጠገን ወደ አንድ ቤት ሁለተኛ ተመልሼ አላውቅም፣ ከራሴ ቤት በስተቀር።

ነገሩ የሆነው ኦቶራይ የሚባለው የመንገደኛ ባቡር ገና አቃቂን እያቋረጠ ወደ ድሬዳዋ በሚወርድበት ዘመን ነው። ቤታችን እዚያው አቃቂ በሰቃ የሚባል ሰፈር ነው፣ ከሐዲዱ ጀርባ ለባቡር ሠራተኞች ተብለው ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች አንዱ፣ አባቴ ሥራ የጀመረው በእሳት አንዳጅነት ሲሆን ጡረታ ሲወጣ ባቡር ነጂ ነበር፣ የእንፋሎቱንም የናፍጣውንም ነድቷል፣ እኔ ግን የእንፋሎቱን አላስታውሰውም፣ ነፍስ ሳላውቅ ነው የቀረው። አባቴ እኔም ባቡር ላይ እንድሠራ ፈልጎ ነበር፣ እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፣ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ገብቼ የውሃ መስመር ሠራተኛ ሆንኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሥራዬ አንድም ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፣ አልሰደበኝም፣ አላመሰገነኝም። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው አባቱ አንዴ «ጎሽ» እንዲለው ሲመኝ ያሳፍራል፣ ግን እመኝ ነበር።

ያን ዓመት አባቴን በሽታ ጣለው፣ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ንግግሩም አጠረ፣ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጥላሸቱን ሳያስለቅቅ ምግብ የማይቀርብ ሰው፣ አሁን ጎረቤት በሳፋ ሊያጥበው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ መሰለህ፣ በጓሮ ያለችውን የማገዶ ክፍል ወለሏን ሊሾ አድርጌ ሻወር ሠራሁለት፣ በሰፈሩ የመጀመሪያው ሻወር፣ ቧንቧውን ጥቁር ቀብቼ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሦስት ጊዜ አመላልሼ ዘረጋሁት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታሞቀው ያለ እሳት ለብ ያለ ውሃ ይወርዳል፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ ጭንቅላት የወጣ ነው። ከጠዋት ፈረቃ ስምንት ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴን በርጩማ ላይ አስቀምጬ አጥበዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር፣ ውሃው ጉድ አሰኘ። ማክሰኞ ግን አባቴ ራሱ ላይ አረፋ እንደሞላ ውሃው ቀጠነ፣ ቀጠነና ክር አከለ፣ ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆይቶ ተመለሰ። ረቡዕ ደህና ነው፣ ሐሙስ ያው ቀጠነ፣ ዓርብ ደህና ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ያው። ከውሃው ይልቅ ያቃጠለኝ የአባቴ ነገር ነው፣ ውሃው በቀጠነ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳሙናው በጉንጩ እየወረደ፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አይቆጣ፣ አይጠይቅ። እኔ ዝምታውን «ድሮስ ካንተ ምን ይጠበቃል» ብዬ ተረጎምኩት፣ እንቅልፍም አጣሁበት።

እንግዲህ ጦርነት ከፈትኩ። የሻወሩን ራስ ፈትቼ ቀዳዳዎቹን በአቼቶ ዘፈዘፍኩ፣ ንጹሕ ነው። ቫልቩን ቀየርኩ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ማጠፊያ በሙሉ አንድ በአንድ ፈትቼ እንደገና በቃጫ ጠቅልዬ አሰርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ውሃው ሲቀጥን ከነእርጥብ እጄ ወጥቼ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆምኩ፣ እትዬ ዘነበች ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ፣ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ሴት ናቸው፣ ከእሳቸው በቀር በዚያ ሰዓት ቧንቧ ከፍቶ ውሃዬን የሚስብ የለም ብዬ ተናገርኩ፣ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም።

«አንተ ልጅ፣ ጤናም የለህ?» አሉኝ። «የታመመ ሰው የሚታጠብበትን ውሃ ልሰርቅ? ይኸው ዛሬ ሳፋዬን እንኳ አላወጣሁም!» ብለው ጎትተው አስገቡኝና ቧንቧቸውን ከፈቱት፣ የሳቸው ውሃ ባልዲውን እያስጮኸ ወረደ።

ከአንድ መስመር እኮ ነው የምንቀዳው፣ እኔ ዘንድ ክር ሆኖ እሳቸው ዘንድ እንዴት ይሞላል? ይቅርታ መጠየቅ ለእኔ ጥርስ ከማስነቀል ይብሳል፣ ግን ጠየቅኳቸው።

ድምፁን የሰማሁት ማክሰኞ ነው። አባቴን ሳላስገባ ብቻዬን ሻወሩን ከፍቼ ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ለጠፍኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቧንቧ አየር ሲገባበት እንደሚንኳኳ አውቃለሁ፣ እመነኝ፣ ያንን ድምፅ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ እለየዋለሁ፣ ያ ጥድፊያ አለበት፣ ይሄኛው ግን አልቸኮለም፣ ብረት በብረት፣ እኩል እየተራራቀ፣ ሰው በር አንኳኩቶ መልስ ሲጠብቅ እንደሚያደርገው። ውሃው ወዲያው አልቀጠነም፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ነው የሄደው። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አለና ውሃው መጣ። በሐዲዱ ላይ ምንም ባቡር አልነበረም፣ ወጥቼ አይቻለሁ።

ሐሙስ ከሥራ እንደተመለስኩ ቆፈርኩ። ወደ ቤታችን የሚገባውን መስመር ይዤ ግቢው ጫፍ ስደርስ አንድ የማላውቀው ወፍራም የብረት ቧንቧ ወደ ሐዲዱ ተገንጥሎ ሲሄድ አገኘሁ፣ «ያዝኩህ!» አልኩ፣ ደስታዬን አትጠይቀኝ። ተከትዬው ቆፈርኩ፣ አራት እርምጃ ሄዶ ተቆርጧል፣ አፉ በአፈር ተደፍኗል፣ ውስጡ ዝገትና የዛፍ ሥር ነው፣ ወደ የትም አይሄድም፣ የእርጥበት ምልክት እንኳ የለበትም። ተናድጄ ልነሳ ስል ኳኳታው መጣ፣ እጄ ቧንቧው ላይ ነበር። ወዳጄ፣ ያ ደረቅ ብረት በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ፣ ከዚያም ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ በሬ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮውን ነክተህ ታውቅ እንደሆነ ልክ እንደዚያ፣ አንድ አንድ ጉንጭ ሲያልፍ ይሰማኛል። ከተቆረጠው አፍ ደግሞ ጥላሸት ጥላሸት ሸተተኝ። አካፋዬን እዚያው ጥዬ ገባሁ፣ ሮጥኩ አልልህም፣ ቀስ ብዬም አልሄድኩም።

ሌላ ሰው ቢሆን ጠበል ያስረጭ ነበር። እኔ ዓርብ ፈቃድ ወስጄ አሮጌውን መስመር ከሥሩ ቆርጬ ጣልኩት፣ በቅርቡ ከመንገዱ ማዶ ከተዘረጋው አዲስ የውሃ መስመር ላይ አስቀጥዬ፣ በአዲስ ቧንቧ፣ አሮጌውን በየትም በኩል ሳይነካ እስከ ጣሪያው ዘረጋሁ። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፣ ዛሬም መጥተህ ብታየው ትመሰክራለህ፣ አንድ ጠብታ አያፈስም። እትዬ ዘነበች እንኳ ያን ሁሉ ረስተው «እጅህን ይባርከው» አሉኝ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴን አስቀመጥኩት፣ ከፈትኩት፣ ውሃው ወለሉን እየደበደበ ወረደ፣ ደረቴ ተነፋ፣ ሥራዬን እንዲያይልኝ ፈልጌ ከፊቱ ገለል ብዬ ቆምኩ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከአዲሱ ቧንቧ፣ ትናንት በገዛ እጄ ካሰርኩት። አባቴ ደህናውን ቀኝ እጁን አነሳና በጣቱ አንጓ ቧንቧውን አንድ ጊዜ መታው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ውሃውም ቀጠነ። በየጊዜው ይህን ሲያደርግ እኔ ሳሙናው ላይ አጎንብሼ ሳላየው ቀርቻለሁ ማለት ነው።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቱፋ ነዋ» አለኝ፣ ይህ ምን ያስጠይቃል በሚል ድምፅ።

ከዚያ ቀስ እያለ፣ እያረፈ፣ ከታመመ ወዲህ ተናግሮ የማያውቀውን ያህል ተናገረ። ጋሽ ቱፋ በእንፋሎቱ ዘመን እዚህ አቃቂ ጣቢያ ለባቡር ውሃ የሚሞላ ሰው ነበር። የሰፈሩና የባቡሩ ውሃ አንድ መስመር ስለነበር፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የጭነቱ ባቡር ሲመጣ ጋሽ ቱፋ ከመክፈቱ በፊት መስመሩን በመፍቻ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ባቡሩ ሊጠጣ ነው፣ የጀመራችሁትን ጨርሱ ማለት ነው፣ ቤት ያለ ሰው አንድ ጊዜ መትቶ ሰማሁ ይለዋል፣ ከዚያ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል፣ በዚያ መሃል መነጫነጭ ነውር ነበር። ጋሽ ቱፋ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት።

«ታውቃለህ ብዬ። የባቡር ቤት ልጅ አይደለህም?»

«እኔ እኮ ዝም ሲሉ ሥራዬን የናቁት መስሎኝ…» አልኩና ሳሙናውን አስቀመጥኩ።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ፣ አረፋው መሃል አየኝ። «ንቄ? ቱፋ ራሱ ጠይቆኛል፣ ይህን ያማረ መስመር የዘረጋው ማነው ብሎ። ልጄ ነው አልኩት።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ይኸው በማገዶ ክፍል ውስጥ፣ በቀጭን ውሃ ሥር መጣልኝ። አለቀስኩ ብልህ አላፍርም። ሟች እንዴት ይጠይቃል፣ በኳኳታ እንዴት ይህን ያህል ይነገራል፣ ይህን ሁሉ መጠየቅ ነበረብኝ፣ የጠየቅኩት ግን ሌላ ነበር።

«እሱስ ምን አለ?»

«እጁ መልካም ነው፣ እዚህ ሰው ጎድሎናል አለኝ።»

«አንቱስ ምን አሉት?»

አባቴ በርጩማው ላይ ቀና አለ፣ በሽታው ያጎበጠው ትከሻው ሳይቀር ቀና አለ፣ ባቡር የሚነዳበትን ዘመን የመሰለ ፊት አየሁበት። «ይመጣል አልኩት» አለ።

ያን ጊዜ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፣ ውሃው ሞልቶ ወረደ፣ እኔም አባቴን አለቅልቄ፣ አድርቄ፣ ነጭ ሸሚዙን አልብሼ አወጣሁት።

አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈ። ቤቱን አልለቀቅኩም፣ ሻወሩንም አልነቀልኩም፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት አልገኝም። ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች «ያኔ አልፈራህም?» ይሉኛል፣ አልዋሽህም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው፣ አሁንም ሳስበው ደረቴ ይነፋል፣ አባቴ ስለ እኔ እጅ ለወዳጁ መስክሯል። ሌላው ስሜት የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው፣ ሥራ ላይ እያለሁ፣ መፍቻ ይዤ እያለሁ ድንገት ይመጣል። አባቴ ስለ እኔ ቃል ሰጥቷል፣ በሕይወቱ ደግሞ የሰጠውን ቃል አጥፎ አያውቅም።