አንድ ጋት

«ይቺን ነው የምንወስደው፤ ሌላ አታሳዪኝ» አለች ቀጮ፣ ሰማያዊዋ ታንኳ ውስጥ እግሯን ዘርግታ እንደተቀመጠች። ታንኳዋ ግቢው ውስጥ በሁለት የእንጨት ማቆሚያዎች ላይ ተጋድማለች፤ ውኃው ገና ታች ነው። ቀጮ ግን አየሩን መቅዘፍ ጀምራለች።

ሚጡ አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን የልብ ጓደኛዋ ገና አፏን ስትከፍት ነበር የምትስቀው። አሁን ዓይኗ የታንኳዋ ጎን ላይ ነው። ጠባብ፣ ቀላል፣ ፈጣን ናት፤ ላያት ሁሉ ታስጎመጃለች። ሁለት ሰውና የሁለት ቀን ጓዝ ሲጫንባት ግን ሌላ ጠባይ ታወጣለች።

«ምን ምን ትይዛላችሁ?»

«ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ምግብ፣ ውኃ። እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። ደሴቷ ላይ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ከክፍላችን ራሱ ቀዝፎ እዚያ ያደረ ማን አለ? ማንም።»

«እንግዲያው ግራጫዋን ውሰዱ። ሰፊ ናት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። ማዕበል ቢመጣ እንኳን ቶሎ አትገለበጥም።»

«እሷ ደግሞ ታንኳ ናት? የከብት ማጠጫ ገንዳ ናት እንጂ። በእሷ ሄደን እስክንደርስ ትምህርት ቤት ይከፈታል።»

ከወርክሾፑ በር አጠገብ የሚጡ አባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣውላ ይልጋል። ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቷል። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድም ታንኳ ሠርቶ አልጨረሰም፤ ጣውላ እያነሳ እስኪሳሳ ድረስ ይልግና ይጥለዋል። ማከራየቱን የያዘችው እናቷ ናት። አሁን ታች ወደቡ ላይ የሚመለሱትን እየተቀበለች ነው።

ድሮ በዚህ ግቢ ታንኳ በዓይን አይመረጥም ነበር። አባቷ የሚሄዱትን ሰዎች ክብደት ይጠይቃል፤ ጓዛቸውን አንድ በአንድ አንሥቶ ይመዝናል፤ ከዚያ ያንኑ የሚያህል አሸዋ በጆንያ ሞልቶ ታንኳዋ ላይ ይጭንና ውኃ ላይ ያወርዳታል። መዳፉን አግድሞ በውኃውና በታንኳዋ ከንፈር መካከል ያስገባል። አንድ ጋት ከሞላ ትሄዳለች። ውኃው ጣቱን ከነካው ቢለምኑትም፣ ቢቆጡትም አትሄድም። «ሽርሽር ነው ወይስ የቤት ግንባታ?» እያሉ የሚቀልዱበት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን «እናንተ ከምትሰጥሙ አሸዋው ይስጠም» ይላቸዋል።

«ቢያንስ አሸዋ ጭነን እንያት» አለች ሚጡ።

«ኧረ ተይኝ። እናትሽ እኮ እሱ ቀርቷል ብላኛለች።» ቀጮ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ወንድምሽንም ለክተው ነው የሸኙት አይደል? አሸዋው ምን አደረገለት? ነፋስ ከመጣ መጣ ነው። ይቅርታ፣ ሚጡዬ፣ ላስከፋሽ ብዬ አይደለም።»

ሚጡ እጇን ሰማያዊዋ ታንኳ ጎን ላይ አሳረፈች።

ወንድሟ በሄደበት ቀን የታንኳውን ገመድ የያዘችው ሚጡ ነበረች። ወንድም ጋሼ ጓደኞቹ ቀድመውት ደሴቷ ላይ እየጠበቁት ነበር፤ የሁሉንም ድንኳንና ስንቅ እሱ ነው የጫነው። ታንኳዋ የሰማያዊዋ መንታ ነበረች፤ በአንድ ልክ የተሠሩ ናቸው። «አሸዋውስ?» ብላ የጠየቀችው ሚጡ ናት። አባቷ ስቆ ነበር። «ታንኳ ውስጥ ላደገ ልጅ ደግሞ አሸዋ? እሱ ለእንግዳ ነው።» ወንድም ጋሼም ሳቀ፤ ጸጉሯን አመሰቃቅሎባት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው።

እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ስትጠይቅ፣ አባቷ «ለክቼ ነው የሸኘሁት፤ አንድ ጋት ሞልቶ ነበር» አለ። ይህን ሲል አንዴ ብቻ ወደ ሚጡ ተመለከተ። ሚጡ አቀረቀረች። ከለቅሶው በኋላ እናቷ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አራገፈቻቸው። «የኔን ልጅ ያላዳነ አሸዋ የማንን ልጅ ሊያድን ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ የመረጠ ሁሉ የመረጠውን ይዞ ይሄዳል።

ሚጡ ሁልጊዜ ለራሷ የምትለው አባቴን ማትረፍ አለብኝ ነበር። እናቷ ብታውቅ በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩ አይመስላትም። ዛሬም ዝም ብላ ሰማያዊዋን መከልከል ትችላለች። ነገ ግን ቀጮ ተመልሳ ትመጣለች፤ እናቷ ምንም ሳትጠረጥር ትሰጣታለች።

መላጊያው ከወዲያ ሽው፣ ሽው ይላል። ቀስ ብላ ብትናገር እንኳ አባቷ ይሰማታል። ቀስ ብላ አልተናገረችም።

«አልተለካም» አለች።

«ምኑ?»

«ወንድም ጋሼ። አሸዋ አልተጫነለትም። እዚያው ነበርኩ። የሁሉንም ጓዝ ይዞ፣ ልክ እንደዚች ባለች ታንኳ፣ ዝም ብሎ ነው የሄደው።»

መላጊያው ቆመ። ቀጮ ከታንኳዋ ለመውረድ ስትጣደፍ ጉልበቷን ጠርዙ መታት፤ አላሸችውም። ሚጡን አየች፤ ከሚጡ ትከሻ በላይ ደግሞ አባትየውን አየች።

እሱ ተነሣ። ሱሪው ላይ የተከመረውን ፍቅፋቂ እንኳን አላራገፈም።

«ሰማያዊዋን አትውሰዱ» አለ ለቀጮ። «የሚጡን እናት አስቢና አትውሰዱ።»

ወደ ወርክሾፑ ገባ።

«አባትሽ እኮ... እኔ ለማንም አልናገርም» አለች ቀጮ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ግራጫዋን ነው የምንወስደው። አሸዋውንም እንጭናለን። እሺ? ነገ መጥተን እንጭናለን።»

«እሺ» አለች ሚጡ። የቀጮ አፍ ምስጢር እንደማይቋጥር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ክፋት የለባትም፤ አያስችላትም፣ በቃ።

ቀጮ ከሄደች በኋላ ሚጡ ወርክሾፑ ውስጥ ገባች። አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ትንሽ ሆኖ አይታው አታውቅም። ይቆጣል ብላ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«አባዬ፣ ለእማዬ አንተ ትነግራታለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ጊዜ ልነግራት ተነሥቻለሁ። አፌ አልከፈት ይለኛል። አልችልም፣ ልጄ።»

አጠገቡ ትንሽ ቆመች። ራሪለት ይላታል ልቧ፤ ደግሞ ታዝንበታለች። የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀችም። እጁን ያዘችው፤ እጇን አጥብቆ ያዘ፤ መልቀቅ የፈራ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ጣቶቹን ራሷ አላቀቀቻቸው።

እናቷ መቅዘፊያዎቹን በትከሻዋ ተሸክማ፣ የቀሚሷ ጠርዝ ረጥቦ፣ አቀበቱን እየወጣች ነበር። ሚጡን ስታያት «ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆነ?» አለች ከሩቅ። ሚጡ እዚያው በሩ ላይ ሆና ልትጠብቃት ትችል ነበር። አልጠበቀችም፤ ወርዳ መንገድ ላይ አገኘቻት።

«እማዬ» አለች፣ «የያዝሽውን አስቀምጪውና እዚህ ቁጭ በይ።»