ያልተነቀለው የኋላ ወንበር

ታፈረ ሞቶ የተገኘው በላብ አደሮች ቀን ዋዜማ፣ ማለዳ ነው። የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ፈትለወርቅ ግን በሯ ሲንኳኳ የሞተው ልጇ መስሏት ነበር። ዘውገ ወደ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ በሯን የመታ ሁሉ መርዶ ነጋሪ ይመስላታል። መልእክተኛው «የእህል ማከፋፈያው ጋራዥ ይፈልጉዎታል፤ ሾፌሩ ሞቷል» ሲላት መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ተመስገን የሚል ቃል ነበር። ወዲያው አፈረች። በዚያው ሐፍረት ቆቧን አድርጋ፣ ሌሊቱን ዝናብ ባራሰው የላሊበላ መንገድ ቁልቁል ወረደች።

ባልደረቦቿ «ሟርተኛዋ» ይሏታል። ሰው መሰላል ሲወጣ ስታይ ሲወድቅ ይታያታል፤ ልጅ ወንዝ ሲሻገር ስታይ ሲወሰድ ይታያታል። ይህ ልማዷ እንቅልፍ ነሥቷታል። ለሥራዋ ግን ከቆቧም ከሽጉጧም ይልቅ ጠቅሟታል።

ጋራዡ ውስጥ ታፈረ የሚነዳው ላንድሮቨር በፊት እግሩ ተንበርክኳል። የቀኝ የፊት ጎማው ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል። ክሪኩ በጎኑ ወድቋል፤ ለድጋፍ ከአክሰሉ ሥር የገባው ቀይ ድንጋይ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሯል። ታፈረ ደረቱ ከአክሰሉ ሥር ሆኖ በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኑ አልተከደነም። ወደ መኪናው ሆድ እያየ አንድ ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የቀበሌው ካድሬ፣ ጓድ አለሜ። «አሻጥር ነው። ደካማ ድንጋይ ከመኪናው ሥር ያስገባው መካኒኩ ነው።»

መካኒኩ ባዘዘው እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ጥግ ቆሟል። ከጎኑ በሹመት ከሩቅ የመጡት የማከፋፈያው ኃላፊ አቶ ሙሉሃብት አሉ። ሌላው ሁሉ በጋቢና በካፖርት ተጠቅልሎ ሳለ፣ እሳቸው በሸሚዝ ብቻ ሆነው ክንዳቸውን አጣምረው ይንቀጠቀጣሉ።

«ምስኪን ታፈረ» አሉ። «ከድርቁ ዓመት ጀምሮ ከጎኑ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ዝናቡን ሰምቶ ጎማ ሊቀይር ገብቶ ነው። ልጁም ቢሆን ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ጓድ አለሜ። ባለማወቅ ይሆናል።»

«መካኒክ አይደል እንዴ፤ እንዴት አያውቅም? የእህሉ ካሚዮን ከምሳ በኋላ ወደ ወልድያ ይወጣል። እሱም አብሮ ይወጣል።»

በዚያ ዓመት እጁን ታስሮ በካሚዮን ወደ ወልድያ ከሄደ ሰው የተመለሰ አልነበረም።

ፈትለወርቅ ተንበርክካ ታፈረ ሲሞት ልታየው ሞከረች። ሌላ ጊዜ ሳትጠራው የሚመጣባት ምስል አሁን እምቢ አላት። ጎማ የሚቀይር ሰው ከጎማው ጎን ይቀመጣል እንጂ ደረቱን ከአክሰል ሥር አያስገባም። እጇን ከማጅራቱ በላይ ሰደደች። ቆዳው ተሰንጥቆ ደሙ ጠጉሩ ላይ ደርቋል። ከሥሩ ያለው መሬት ግን እንደ ዱቄት የለሰለሰ አቧራ ነው።

«እስከ ምሳ ስጡኝ» አለች።

«ለሟርት ነው?» አለ አለሜ።

«አዎ፣ ለሟርት።»

በር ላይ የባዘዘው እናት የሺሃረግ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ወገቧ ላይ አስራዋለች።

«እመቤቴ፣ አንድ ነው ያለኝ።»

«እኔም ያለኝ አንድ ነው፣ እትዬ የሺሃረግ። ነጠላዎን ይፍቱት። በቁሙ አያልቅሱለት።»

ለሌላ ሰው እንዲህ ማለት ቀላል ነበር። የራሷን ነጠላ ስንት ቀን ሳታውቀው ወገቧ ላይ እንዳገኘችው ታውቃለች።

በማግስቱ፣ አውሮፕላን በበጋ በሚያርፍበት ሜዳ ላይ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች በባዶ በርሜሎች መሃል እየተጠማዘዙ ሊወዳደሩ ነበር። በርሜል ሳይነካ ፈጥኖ የጨረሰ ዋንጫ ይወስዳል፤ በድምፅ ማጉያም ለሕዝቡ ይናገራል። ያሸንፋሉ የተባሉት ታፈረና የሆቴሉ ሾፌር አረጋ ናቸው። ሁለቱም መኪናቸውን የሚያዘጋጁት እዚሁ ጋራዥ ነው።

የባዘዘውን እጅ ፈታችለትና ወደ ግቢው ወሰደችው።

«ድንጋዩን ያስገባኸው አንተ ነህ?»

«የቤተ ክርስቲያኑን ድንጋይ?» ባዘዘው እንደ ስድብ ቆጠረው። «ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠግኑት ከጋራዡ ጓሮ የከመሩት ስብርባሪ እኮ ነው። እናቴ ፍርፋሪውን ለእምነት ቋጥራ ነው የምታስቀምጥ። የላሊበላ ልጅ እሱን ከመኪና ሥር ያደርጋል? ደሞስ ውሃ ከነካው እንደ ቂጣ ነው። የኔዎቹ ጥቁር ድንጋዮች ከበሩ ኋላ ናቸው።»

ከበሩ ኋላ ጆንያ ስትገልጥ ሁለት ጥቁር ድንጋዮች አገኘች። ደረቅ ናቸው። ማንም አልነካቸውም።

«ከታፈረ ጋር በገበያ መሃል ተጣልታችኋል ይባላል።»

«በጎማ ነው። እኔ ደመናውን አይቼ ጥርሳሙን እንግጠም አልሁ፤ እሱ መላጣውን አለ። ‹ሜዳው ጠጠር ነው፣ ውሃውን ይጠጣዋል። ጥርሳም ጎማ የሚቆፍረው ጭቃ ያስፈልገዋል፤ ጠጠር ላይ ያዘልልሃል እንጂ መሬት አይዝልህም› ብሎ ሳቀብኝ። በርሜል ውሃ አፍስሰን በሁለቱም ዞርን። ልክ እሱ ነበር። የመላጣውን ንፋስ ቀነስ አድርገን ተውነው። ቢዘንብም አይቀየርም ብሎኝ ነበር።»

«ሌላስ ምን አዘጋጃችሁ?»

«ሸራውን አወረድን፤ ትርፍ ጎማውን አወጣን፤ ፍሬኑን አጠበቅን። እንዲቀለን የኋላውን ወንበር እንንቀል ስለው ግን እምቢ አለ።»

«ለምን?»

ባዘዘው ዘወር ብሎ ጋራዡን አየ። «ሰዎቹ የት ይቀመጣሉ አለኝ። የትኞቹ ሰዎች ስለው ወንበሩን በጨርቅ ወለወለው።»

ፈትለወርቅ ተመልሳ ወደ መኪናው ኋላ ተመለከተች። መኪናው በአቧራ ተለብጧል፤ ሰፊው የብረት ወንበር ግን እንደ ጸሎት ቤት ዕቃ ያብረቀርቃል። ላዩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተቀምጧል። ማንም የለበትም። ቢሆንም ጀርባዋን ሰጥታው መሄድ ከበዳት።

የታፈረ ሚስት ገለቴ ከለቀስተኞች መሃል ተነሥታ ጓዳ አስገባቻት። ድምፅዋ በልቅሶ ዘግቷል።

«ከመኪናው ኋላ ይንኳኳል ይል ነበር» አለች። «ስንሄድ ይንኳኳል፣ ስቆም ይተዋል ይላል። ያወረድናቸው ናቸው ይለኛል።»

«የትኞቹን?»

«በድርቁ ዓመት በሽተኞች ጭኖ ወልድያ ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሲሄድ፣ ኩልመስክ ዳገት ላይ አውርዳቸው ተባለ። በምትካቸው ማርና ቆዳ ተጫነ። ሲመለስ እንደተቀመጡ አገኛቸው። ብርድ ጨርሷቸዋል። አንዷ ሕፃኗን እንዳቀፈች።»

«አውርድ ያለው ማነው?»

«ስሙን አልጠራልኝም። ‹ነገ ማጉያውን ሲሰጡኝ ከሕዝቡ ጋር ትሰሚዋለሽ› አለኝ። ካልቀናህስ ስለው፣ ‹እነሱ ተሳፍረው አልሸነፍም› አለኝ።»

ፈትለወርቅ «ማታ ለማን ይከፍታል?» ብላ ጠየቀች።

«ከመሸ ከውስጥ ቀርቅሮ ነው የሚሠራ። ድምፃቸውን ለለየው ብቻ ይከፍታል። ለኔ፣ ለባዘዘው፣ ለአረጋ፣ ለአቶ ሙሉሃብት።»

አረጋን ጋራዡ በር ላይ አገኘችው። ከአጎራባቹ ሙጃ የመጣ፣ ፂሙ የሸበተ ሾፌር ነው።

«እንግዲህ ዋንጫው የኔ ሆነ» አለ፣ ያለ ደስታ። «እኔን ቢጠረጥሩ አይገርመኝም፣ ሃምሳ አለቃ። አሥር ዓመት ሙሉ አቧራውን ሲያቅመኝ ኖሯል። የት ነበርህ ካሉኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ ምስክሬ በቅሎዬ ናት።»

«ምስክርዎን አልጠየቅሁም። የኋላ ጎማዎቹን ይዩልኝ።»

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጥርሳሞቹ ናቸው። አረጋ ጎንበስ ብሎ አንዱን፣ ዞሮ ሌላውን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን የገጠመ ታፈረ አይደለም።»

«ጨለማ ቢሆንስ?»

«ጨለማ ቢሆን እጅ ያያል። የጥርሱ ጫፍ እንደ ቀስት ወደ ፊት ማመልከት አለበት፣ ጭቃውን ወደ ውጭ እንዲጥል። እዚህ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ገብቷል። ቀስቱ ወደ ኋላ ዞሯል። ታፈረ ሰክሮም፣ ተኝቶም እንዲህ አይገጥምም።»

በምሳ ሰዓት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ወጥቷል፤ ላንድሮቨሩ በክሪክና በጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ገለቴና የሺሃረግ ተደጋግፈው ቆሙ። ውጭ የካሚዮኑ ሞተር እየተነሣ ነው።

«አደጋ ነው ብላችሁኛል፤ አሻጥር ነውም ብላችሁኛል» አለች ፈትለወርቅ። «ሁለቱም አይደለም። አክሰሉ የወደቀው ደረቱ ላይ ነው። ጭንቅላቱ የተሰነጠቀው ግን ከኋላ ነው፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አቧራ ነው። አቧራ ሰው አይሰነጥቅም። ታፈረ ጀርባውን አምኖ በሰጠው ሰው ነው የተመታው። ከዚያ ነው ከመኪናው ሥር የገባው።»

ገለቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ገዳዩ ለሞቱ ምክንያት ያስፈልገው ነበር። ዝናቡ ምክንያት ሰጠው። ‹ጎማ ሲቀይር ሞተ› ይባላል ብሎ ጥርሳሞቹን መግጠም ጀመረ። ታፈረ ግን ቢዘንብም መላጣውን እንደማይቀይር ወስኗል። ይህን ባዘዘው ያውቃል። ስለዚህ ባዘዘው በዚህ ምክንያት አይጠቀምም።»

«ሊያታልለን ይችላል» አለ አለሜ።

«ይችላል። ታዲያ አደጋ ማስመሰል የፈለገ ሰው ጎማውን ለምን ወደ ኋላ አዙሮ ይገጥማል? ላየው ሾፌር ሁሉ ይጮሃል እኮ። አዙሮ የገጠመው መዞሩን ያላወቀ ሰው ነው። ባዘዘውም አቶ አረጋም ያውቃሉ። ድንጋዩንም አስቡት። የላሊበላ ልጅ፣ የሙጃም ሰው ቢሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣውን ድንጋይ ረግጦ አያልፍም። በጨለማ ጥቁሮቹን ያጣ፣ ጓሮ ወጥቶ ያገኘውን ያነሣ ሰው ነው ያስገባው። ለዚያ ሰው ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

ሙሉሃብት ፈገግ አሉ። «በሩን ለማንም ሊከፍት ይችላል።»

«ለአራት ሰው ብቻ። አንዷ ሚስቱ ናት፤ ትናንት ማታ ከጎረቤቶቿ ጋር እኔም ጓድ አለሜም ባለንበት ስብሰባ ነበረች። ከሦስቱ ወንዶች ሁለቱን አወጣኋቸው።» ግድግዳ የተደገፉትን ሁለት ጥርሳም ጎማዎች አመለከተች። «አቶ ሙሉሃብት፣ አንዱን ያንሡልኝ። የሚገባበትን ጎን ያሳዩኝ።»

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። ጎማ ማንም ይሳሳታል።»

«አዎ። የቢሮ ሰው ይሳሳታል።»

ፈገግታቸው ቀረ። ፈትለወርቅ ከበሩ ጎን ከተቀመጠ ቅርጫት እርጥብ ካፖርት አወጣች።

«ጠዋት ሁሉም ሲለብስ እርስዎ በሸሚዝ ይንቀጠቀጡ ነበር። ካፖርትዎን ልብስ አጣቢዎ ዘንድ አገኘሁት፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የላኩላት። በእንዶድ አሽታዋለች። እርጥብ ቀይ ድንጋይ ግን በእንዶድ አይለቅም።» ገበሩን ገለበጠችው። ብብቱ ሥር፣ አቅፈው በተሸከሙበት ቦታ፣ ቀይ ዝቃጩ ሰርጎ ታትሟል።

አለሜ ካፖርቱን አየ፤ ከዚያ ሙሉሃብትን።

«ለምን?» አለ፣ በትንሽ ድምፅ።

«ታፈረ ነገ በማጉያ ሊናገር የነበረው የኩልመስክን ዳገት ነው» አለች ፈትለወርቅ። «በድርቁ ዓመት በሽተኞቹ ወርደው ማርና ቆዳ ሲጫን፣ አውርድ ያለው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነበር። ከጎኑ ማን እንደነበረ ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ነገሩን።»

ሙሉሃብት ወደ ላንድሮቨሩ ዞሩ። የተወለወለውን ወንበር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ነገ እናገራለሁ አለኝ፤ ለመንሁት» አሉ። «ሞተዋል፣ የሞተ አይመለስም፣ ተወው አልሁት። ‹አልሞቱም፣ ተቀምጠዋል፤ ዞረህ እያቸው› አለኝ። አጎንብሶ ብርድ ልብሱን አጥፎ ሲያኖርላቸው የጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

የሺሃረግ አልጮኸችም። ልጇ ዘንድ ሄዳ የገመዱን ሰንበር በነጠላዋ ጫፍ አሸችለት። ነጠላው ከወገቧ መቼ እንደተፈታ ማንም አላየም።

የሙሉሃብት ቃል እስኪጻፍ ካሚዮኑ አልጠበቀም፤ ባዘዘውን ሳይዝ ሄደ። ሙሉሃብትን የሚያደርስ ሌላ መኪና ስላልነበረ፣ ላንድሮቨሩ መላጣ ጎማዎቹ ተመልሰውለት በአረጋ ሾፌርነት ወደ ወልድያ ተነሣ። ፈትለወርቅ ከፊት ተቀመጠች። ሙሉሃብት እጃቸውን ታስረው የኋላው ወንበር ላይ፣ ብቻቸውን።

ኩልመስክ ዳገት ሲጀምር ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ከኋላ ተንኳኳ። ፈትለወርቅ የቤቷ በር የተንኳኳ መሰላት። አረጋ ፍሬን ያዘ።

«ወደ ፊት አምጡኝ» አሉ ሙሉሃብት። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። «ቦታ የለም። ጠባብ ነው እዚህ።»

ዞራ አየች። ሰፊው ወንበር ጥግ ላይ፣ ለሌሎች እንደ ለቀቀ ሰው፣ ተኮራምተው ተጣብቀዋል። ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ ነው።

«እንግዲያው እዚሁ አውርዱኝ። በእግዜር፣ አውርዱኝ።»

አረጋ አያት። ፈትለወርቅ ወርዳ ወደ ኋላ ሄደች፤ ብርድ ልብሱን ዘርግታ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። ከዚያ ተመልሳ ገባች፤ በሩን ዘጋች።

«ንዳ» አለች። «እዚህ ዳገት ላይ ሰው አይወርድም።»