አሥራ ሁለተኛው አልጋ

ሟቹ አሥራ ሁለተኛው አልጋ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቦለት ተገኘ። ጫማዎቹ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መጠለያው ማደሪያ ላጡ ወንዶች አሥራ ሁለት አልጋ አለው። ማታ ሁለት ሰዓት በሩ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ አይገባም።

መርማሪው አጭርና ምላሰኛ ሰው ነው። ሬሳ አያስፈራውም፤ እንዲህ እንደ ሕፃን የተሸፈነ ሬሳ ግን አይቶ አያውቅም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገ። ኮቱ ርሷል። የቀኝ እጁ ጣቶች አንጓ ተልጧል።

«ተደባድበው ነው» አለች የመጠለያው ኃላፊ። መታወቂያ ለጠፋበት የምትሟገት፣ ለታመመ መድኃኒት የምታመላልስ ሴት ናት፤ አዳሪዎቹ «እታለም» ይሏታል። «ከጎኑ ከሚተኛው ኩሊ ጋር መስኮቱ ይከፈት፣ ይዘጋ እያሉ ሲነታረኩ ነው የሰነበቱት። ሲገባማ ደህና ነበር፤ አንድ ሰዓት ላይ ራሴ ነኝ የመዘገብኩት።»

ኩሊው አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሏል። ፖሊስ ከወሰደው ሥራውም አልጋውም አበቃላቸው።

«መተኸዋል?»

«አልመታሁትም።»

«ስንት ሰዓት ገባ?»

ኩሊው የብርድ ልብሱን ጫፍ ጠቀለለ።

«ኧረ አፍህን ክፈት! ነገሩ አንተው ላይ እየመጣ ነው።»

ኩሊው ወለል ወለሉን አየ።

መርማሪው በአልጋዎቹ መካከል እየተመላለሰ ትራሶቹን አንድ በአንድ ዳበሰ። ወጥቶ የውጭውን በር ተመለከተ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ሬሳውን ያየው ሐኪም፣ የገደለው ብርድ ነው ብሏል። የትናንት ማታው ዝናብ የጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት የገባ ሰው ኮት በምን ራሰ? ውጭ ነበር። የተላጠው እጁም ሰው አልመታም፤ ቁስሉ ውስጥ የበሩ አረንጓዴ ቀለም አለ። ሲያንኳኳ ነበር።»

«ታዲያ ማን አስገባው?» አለ አንዱ።

«ከእናንተ አንዱ አይደለም። ሁላችሁም ጫማችሁን እንዳይሰረቅ ትራሳችሁ ሥር አድርጋችሁ ነው የምትተኙት። የእሱን አውልቆ ወለል ላይ የደረደረው የራሱ ቤት ያለው ሰው ነው። የበሩ ቁልፍ ደግሞ ያለው እታለም ጋ ብቻ ነው።»

እታለም ግድግዳውን ተደገፈች። «ሦስት ጊዜ ከሰዓት ውጭ ከፍቼለታለሁ፤ ጌታዬ። አለቆቼ አንዴ ቢደገም ቤቱን እንዘጋዋለን አሉኝ። ለቀሩት ብዬ ነው። ሲያንኳኳ ብሰማም አልከፈትኩም፤ ይሄዳል ብዬ ነበር። ንጋት ላይ ስከፍት ወድቆ አገኘሁት፤ ጎትቼ አስገብቼ አልጋው ላይ አስተኛሁት። አልጋው እኮ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ነበር!»

«ይሄን ምስኪን ለምን ወነጀልሽው?»

«ፈራሁ» አለችና ፊቷን ሸፈነች።

መርማሪው ወደ ኩሊው ዞረ። «አንተስ? ገዳይ ስትባል ምነው ዝም አልክ?»

ኩሊው እንባው መጣ። «ምን ልበል? በስሜ እየጠራ ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ። እታለምን ክፈቺለት ብል አልጋዬን አጣለሁ ብዬ ብርድ ልብሱን ጆሮዬ ላይ ሳብኩ።»

ማንም ቀና አላለም።

«እኔንም ጠርቶኛል» አለ ከወደ ጥግ አንድ ሽማግሌ።

«እኔንም» አለ ሌላው።