የአራተኛው ጣሳ ሽታ

«የሁለትን ውጤት አራት ላይ ጻፊው፣ የአራትን ደግሞ ሁለት ላይ። አለቀ» አለች ሲሲ።

ዘቢደር ማርከሩን እንደያዘች ቀረች። ቻርቱ በተገጠሙ ሁለት ዴስኮች ላይ ተዘርግቷል። ከተሰበረው መስኮት የሚገባው ንፋስ እንዳይወስደው አራቱም ጥግ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። ርዕሱን በቀይ ጽፋ ጨርሳለች፦ «ሽታና መፈላለግ፤ ሰው ፌሮሞን አለው ወይ?» ከርዕሱ በታች ስድስት ባዶ መስመሮች ይጠብቃሉ።

ደክሟታል። ገና ሳይነጋ ቦኖ ወርዳ ሁለት ጀሪካን ውኃ ቀድታለች። ከዚያ ስድስት ክፍለ ጊዜ ተምራለች፤ ሁለቱን በፕላዝማ፣ የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ማንንም ሳይጠብቅ እየሮጠ። አሁን አስር ሰዓት ሆኗል። ቻርቱ ነገ ጠዋት ከመምህር ላቀው ጋር ጎንደር ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። በዘጠነኛ ለ ውስጥ ጽሕፈቷ የሚያምረው እሷ ስለሆነች፣ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም።

«ሰማሽኝ?» አለች ሲሲ።

«ሰምቼሻለሁ።»

ነገሩን ያመጡት መምህር ላቀው ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጎንደር ካለ ኢንተርኔት ቤት ያሳተሙትን ሁለት ገጽ ይዘው መጡና ለባዮሎጂ ክበብ አነበቡ። የእሳት እራት ወንዱ ሴቷን በጨለማ ከሩቅ በሽታ ያገኛታል፤ ያ ሽታ ፌሮሞን ይባላል። «ሰው ላይ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሽቶ የሚሸጡት ሰዎች ተረጋግጧል ይላሉ። እነሱ ምን ያድርጉ።» ቀጥሎ የሆነ አገር ውስጥ ስለተደረገ ሙከራ ነገሯቸው። ወንዶች አንድ ካናቴራ ለብሰው ሁለት ሌሊት ያድራሉ፤ ከዚያ ሴቶች የማን እንደሆነ ሳያውቁ እያሸተቱ ነጥብ ይሰጣሉ። «እኛስ ብንሞክረው?»

ትርፍ ካናቴራ ያለው ተማሪ ስላልተገኘ አቡጀዲ ተገዝቶ ስድስት ቦታ ተቆረጠ። ስድስት ወንዶች አንገታቸው ላይ አስረውት ሁለት ሌሊት እንዲያድሩ ተባለ። ሳሙናና ሽቶ ተከለከለ። የፈረንጆቹ ወረቀት ምግብም አንድ ዓይነት ይሁን ይላል። «እሱ ችግር የለውም፣ ሁዳዴ ነው» አሉ መምህር ላቀው፤ «ሁሉም ሽሮ ነው የሚበላው።» ለጨርቆቹ ማስቀመጫ ከጤና ጣቢያ ስድስት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ተለመነ። ጣሳዎቹ በፈላ ውኃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ዋሉ፤ ቁጥርም ተጻፈባቸው።

አምስት ወንዶች ወዲያው እጅ አወጡ። ስድስተኛው ሲጠፋ መምህሩ ስም መጥሪያውን ገልጠው ጣታቸው ያረፈበትን ጠሩ። «ገዱ።»

ከኋላ አንዱ «በቃ አለቀልን» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ገዱ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። እሺ ብሎ ጨርቁን ተቀበለ።

የገዱ አባት ከከተማው ጫፍ፣ ወንዙ ዳር ቆዳ ያለፋሉ። ደባርቅ ውስጥ እሳቸው ያለፉት ጀንዲ ያልተነጠፈበት መደብ፣ እሳቸው በቆዳ የለበጡት አገልግል ያልተሰቀለበት ግድግዳ ጥቂት ነው። አብሯቸው የሚበላ ሰውም እንደዚያው ጥቂት ነው። ስልሳ ሦስት ተማሪ በሚማርበት ክፍል፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ሲጨናነቁ፣ ገዱ ግን የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻውን ይቀመጣል።

የማሽተቱ ቀን ዘጠኝ ሴቶች ተራ በተራ ገቡ። ነጥቡ ከአንድ እስከ አምስት ነው። ዘቢደር የመጀመሪያዋ ነበረች። አንደኛው ጣሳ ጭስ ጭስ አላት። ሁለተኛውን ከፍታ አፍንጫዋን ስታስጠጋ የኮመጠጠ፣ የሚከረክር ነገር መታት። ይሄ እሱ ነው አለች በልቧ፤ አንድ ሰጠችው። አራተኛው ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ደባርቅ ውስጥ መሆኗን ረሳች። ዳባት አጠገብ ያለው ቤታቸው መጣባት። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሳምንት ስንቅ የምትልክላትን አገልግል ልክ ስትከፍተው የሚወጣው ሽታ ነበር፤ ቆዳ፣ እንጀራ፣ ትንሽ ጭስ። አምስት ጻፈች። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበራትም።

መምህሩ ስልክ ሊያነሱ ሲወጡ ነው ሲሲ ሁለተኛውን ጥያቄ የፈጠረችው። «እሺ ልጆች፣ ሙድ እንያዝ። የገዱ የትኛው ነው?» ደብተሯን ከኋላ በኩል ገልጣ የሁሉንም መልስ ጻፈች። ሰባቱ ሁለት አሉ። ሁለቱ አምስት አሉ። አራት ያለ አልነበረም። ዘቢደር ሁለት ካሉት አንዷ ነበረች፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀድማ የተናገረችው እሷ ነች።

ዛሬ ከሰዓት መምህር ላቀው የስም ዝርዝሩን ሰጧቸው። አራት ገዱ ነበር። ሁለት ደግሞ ምሥጋናው፤ የመረብ ኳስ ቡድኑ አምበል፣ ሲሲ በየደብተሯ ሽፋን ላይ ስሙን በአበባ ከብባ የምትጽፈው ልጅ። ነጥቡ ከአርባ አምስት ሲደመር፣ ቁጥር ስድስት ሠላሳ ሦስት አገኘ፤ ቁጥር አራት ሠላሳ ሁለት። ቁጥር ሁለት አስራ አራት አግኝቶ የመጨረሻ ሆነ።

«ነገ ቻርቱ ከመሄዱ በፊት ምሥጋናው ራሱን መጨረሻ ላይ ሲያገኘው ምን ይለኛል?» አለች ሲሲ። «ወንዶቹ ቁጥራቸውን ያውቃሉ እኮ። ጨርቁን ጣሳው ውስጥ የከተቱት ራሳቸው ናቸው።»

«አንቺ ምን አደረግሽው? ዘጠኝ ሰው ነው ያሸተተው።»

«እኔም አንድ ነው የሰጠሁት።» ሲሲ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «የገዱ መስሎኝ እኮ ነው። ሼም ነው ዘቢዬ።»

ዘቢደር ሳታስበው ሳቀች። ሲሲም በጣቶቿ መሃል አይታት ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ እጇን አወረደች።

«የእውነት ግን፣ ብንገለብጠው ማን ያውቃል? ቲቸር እንደሆነ ደክሞታል፣ አያይም። አራት መጨረሻ ወጣ ቢባል ማን ይጠራጠራል?»

«ገዱስ?»

«ገዱ?» ሲሲ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እሱ ምን ይገርመዋል። ለምዶታል።»

ይህን ስትል በክፋት አልነበረም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ዘቢደር ማርከሩን ከደነችው።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሲጀመር፣ የመቀመጫ ድልድል ከገዱ ጋር አድርሷት ነበር። ሁለት ሳምንት አብረው ተቀመጡ። ገዱ ማስመሪያ ያውሳታል፤ የሒሳብ የቤት ሥራ ሲጠፋባት ደብተሩን ምንም ሳይናገር ወደ እሷ ይገፋላታል። በሦስተኛው ሳምንት ሲሲ «እንዴት ችለሽው ነው?» አለቻት። በማግስቱ ዘቢደር ተነስታ ለክፍል ኃላፊያቸው «ሽታው ራሴን ያመኛል» አለች። ገዱ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ወደ ሲሲ ዴስክ ስትዛወር ማስመሪያውን መመለሷን እንኳ አታስታውስም።

አሁን ልታስታውስ ሞከረች። ያ ሽታ ምን ዓይነት ነበር? ኮምጣጣ? እርጥብ ቆዳ? ምንም አልመጣላትም። የመጣላት የሲሲ ጥያቄ ብቻ ነው።

ማርከሩን መልሳ ከፈተችው። ከቁጥር ሁለት አጠገብ አስራ አራት ጻፈች፤ ከቁጥር አራት አጠገብ ሠላሳ ሁለት።

ሲሲ እስክትጨርስ ቆማ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች። «እንደፈለግሽ። ግን ነገ አጠገቤ እንዳትቀመጪ።»

ከደቂቃዎች በኋላ መምህር ላቀው ቁልፍ እያቅጨለጨሉ መጡ። ፊታቸው ጠውልጓል፤ ከእሳቸው ሌላ ባዮሎጂ የሚያስተምር ስለሌለ ሁሉንም ዘጠነኛ ክፍሎች ብቻቸውን ነው የሚይዙት። ቻርቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ።

«እና፣ ፌሮሞን አገኛችሁ?»

«አላገኘንም ቲቸር። ሁሉም የየራሱን ነገር ነው ያሸተተው።»

«እንግዲያው እሱን ጻፊው። አላገኘንም ብሎ መጻፍም ሥራ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ሁለት ምን ሆኖ ነው እንዲህ የወረደው?» ብለው ጠየቁ።

ዘቢደር አፏን ከፈተች። የገዱ መስሎን ነው ልትል ነበር። ይህ ቻርቱ ላይ ቢወጣ ግን ገዱ ጎንደር ድረስ መሳቂያ ሆኖ ይሄዳል። «አላወቅሁም» አለች። መምህሩ ሲወጡ ዘቢደር፣ ሲሲ ዴስኩ ላይ የተወችውን ደብተር ገለጠች። መልሶቹ የተጻፉበትን የመጨረሻ ገጽ ቀድዳ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አርብ ጠዋት ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ስለነበር ባንዲራው ሲሰቀል አልታየም። ዘቢደር ክፍል ስትገባ ሲሲ ቀድማ ተቀምጣለች። ቦርሳዋ በዘቢደር ቦታ ላይ ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሲሲ ትንሽ አመነታችና ቦርሳውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ዘቢደር ቦታውን አየችው። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀራት፤ እግሯም መቀመጥ ይፈልጋል። አልፋ ወደ ኋላ ሄደች።

ገዱ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ወረቀቱን ፊቱ ዘርግታ ቆመች።

«ምንድነው?»

«አንብበው። የአንተ ጣሳ የትኛው ነው ተብሎ የተጠየቀ ነው። ሳትፈቅድ ነው የተጠየቀው።»

ቀስ ብሎ አነበበ። ሁለት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሁለት። ጣቱ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ስም ተመለሰ።

«አንቺም ሁለት ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ለአራትስ ስንት ሰጠሽ?»

«አምስት።»

ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። «ቻርቱ ላይ ጻፍሽው? ይሄንን?»

«አልጻፍኩም። ያንተ ነው። የፈለግከውን አድርገው።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ መጽሐፉ ውስጥ ከተተው። ዘቢደር አልሄደችም። ገዱ ቀና ብሎ አያት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ የያዘውን ሸክም መሬት ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው የጠየቃት።

«መስከረም ላይ ራሴን ያመኛል ብለሽ ነበር። አሞሽ ነበር?»

በሩ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ገቡ። ክፍሉ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ሲሲ አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ እያየች ነው።

«አላመመኝም» አለች ዘቢደር።

ሁሉም ተቀመጠ። የቆመችው እሷ ብቻ ሆነች። ደብተሯን ዴስኩ ላይ አኖረች።

«ጠጋ በልልኝ» አለች።

ዴስኩ ሦስት ሰው ይይዛል፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። ቢሆንም ገዱ መጽሐፉን ሰበሰበና ጠጋ አለላት።